ስልኬ «ሰው አለ» ያለኝ ዕለት

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ዓይኑ እንቢ ያለው ሰው የሚሄደው በእንጨት ነበር። በእንጨት ስላችሁ፣ አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን ጫፍ የቤቱ ሰው ይይዛል፣ እና እየተሳበ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ መሪው ያኮረፈ ቀን ደግሞ ቤቱ ይቀመጣል። እኔ ጌዶ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ እንደዚያ እየተሳቡ የሚመጡ ስንቱን ተቀብያለሁ። ታዲያ ነገሩ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ግላኮማ ይሉታል፣ የዓይን ግፊት ነው። አያምም፣ አይቆረቁርም፣ ዝም ብሎ ከዳር ከዳር እየበላ ይገባል። ጡረታ ወጥቼ እዚህ አምቦ ከገባሁ በኋላ በር ይመታኝ ጀመር፣ ሰው እገፋ ጀመር፣ «እርጅና ነው» እላለሁ። ልጄ ሲፈን ይዛኝ አዲስ አበባ ሄደች፣ ሐኪሙ አየኝና ምን አለ? «እናቴ፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን።» እኔ ነርስ አይደለሁ? ይቺን አነጋገር አውቃታለሁ! ሐኪም እንዲህ ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። እና የቀረውም አልቆየም። ኮሮና የመጣ ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ብቻ እለይ ነበር፣ ከዚያ እሱም ሄደ።

ሲፈን የምታስተምረው ነቀምቴ ነው፣ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ እንደ ልቧ መምጣት አትችልም። ብቻዬን መሆኔ እንቅልፍ ነሳትና አንድ ቀን ይህን ትልቁን ስልክ ይዛልኝ መጣች።

«እማዬ፣ ይሄ ስልክ ይናገራል» አለችኝ።

«ስልክ ድሮስ ይናገር የለ?»

«አይ! ራሱ ነው የሚናገረው። ጣትሽን ስታሳርፊበት ያለውን ይነግርሻል፣ ሁለቴ ስትነኪው ይከፍትልሻል።»

ነካሁት። አፍንጫውን ይዞ እንደሚያነብ ተማሪ «ሰ-ዓት። አራት። ከ-ሃያ» ብሎ ሲጮህብኝ፣ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ «ያ ዋቃ! አምላኬ! ማነው ይሄ?» አልኩ። ሲፈን ሳቀች፣ ሳቀች፣ በኋላ ግን አለቀሰች መሰለኝ፣ ድምጿ ጠፋ። እና ቀስ እያለች አስተማረችኝ። መደወሉን ለመድኩ፣ ስብከቱን ከፍቼ መስማት ለመድኩ። መጨረሻ ላይ ያሳየችኝ ግን ሌላ ነው። የሚያይ አፕ።

«ካሜራውን ወደፊት ስታዞሪው ያየውን ይነግርሻል። ጽሑፍም ካየ ያነብልሻል። የሚናገረው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።»

«እንግሊዝኛውን ለእኔ ተይው፣ ስንት ዓመት የመድኃኒት ብልቃጥ ያነበብኩ ሰው ነኝ» አልኳት።

እና ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሱ ሆነ። ኢርፎኑን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ስልኩን እንዲህ ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ቼር» ይለኛል፣ ወንበር ነው፣ እሺ። «ቴብል» ይለኛል። «ዶር» ይለኛል፣ በሩ ነው። የኪኒን ካርቶን አምጥቼ ፊቱ እይዝለታለሁ፣ ያነብልኛል። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ግቢው አዞረዋለሁ፣ ዛፉን «ትሪ» ይላል፣ ውሻውን «ዶግ» ይላል፣ እኔም እንደ ሕፃን ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ብቻዬን መኝታ ቤት ሆኜ ወደ ግድግዳው ባዞረው «ፐርሰን» አለኝ። ሰው አለ! ሰማችሁ? ብቻዬን ባለሁበት ቤት ሰው አለ ይለኛል! በእጄ ዳበስኩ፣ ዳበስኩ፣ ለካ የባለቤቴ ፎቶ ነው፣ አልጋው በላይ የተሰቀለው። የሞተውን ሰውዬ ነው ሰው አለ ያለኝ። ሳቅሁ፣ ግን ያን ቀን ወደዚያ ግድግዳ ደግሜ አላዞርኩትም።

ታዲያ በዚያው ክረምት ከጎናችን ግቢ አዲስ ተከራይ ገባ። አናጢ ነው። ቀኑን ሙሉ ቋ ቋ ቋ ያደርጋል፣ ሲያልፍ የኮላና የሰጋቱራ ሽታ አለው፣ በሽታው ነው የማውቀው። በረንዳ ላይ ሆኜ ሽታው ሲደርስልኝ «አካም ቡልተን?» እላለሁ። ዝም። ኦሮምኛ አይችል ይሆናል እላለሁና በማግስቱ «እንደምን አደሩ?» እላለሁ። ዝም። እግሩ ይቆማል፣ ይሰማኛል መቆሙ፣ ትንፋሹ ሁሉ ይሰማኛል፣ ከዚያ ይሄዳል። እንግዲህ አስቡት፣ ሰላም ስትሉት ቆሞ አይቷችሁ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው። ማየት ለማይችል ሰው ዝም የሚል ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈራ አታውቁትም። ሰው ለእኔ ድምፁ ነው። ድምፅ ከሌለው ምኑን ልያዘው?

ለጎረቤቴ ለአበበች ነገርኳት። አበበችን ታውቋታላችሁ፣ ያቺ ልብስ ሰፊዋ፣ ክፉ አትወድም፣ ግን ወሬ ስታወራ በሹክሹክታ ነው፣ በሹክሹክታ ስትነግራችሁ ደግሞ ሁሉም ነገር ያስፈራል።

«አዴ ሌንሴ፣ እኔም አላማረኝም» አለችኝ ጆሮዬ ሥር ገብታ። «ስናገረው አፍ አፌን ነው የሚያየው። እንዲህ አፍጥጦ! ሰው የሰውን አፍ ያያል እንዴ?»

«ምን ፈልጎ ይሆን?»

«ምን አውቄ! ሰሞኑን ከታች ሰፈር ቤት እየሰበሩ ስልክ የሚወስዱ ገብተዋል ይባላል። አንቺ ደግሞ ያንን የሚያክል ስልክ ይዘሽ በረንዳ ላይ ትቀመጫለሽ። በርሽን ቆልፊ እሺ? እሱ ጠዋት ጠዋት ቆሞ ስልክሽን ሲያይ እኔው በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ጊዜውም እኮ የፍርሃት ጊዜ ነበር። ኔትወርኩ ድንገት ጭልጥ ይላል፣ አንዱ «እዚያ ተኩስ ነበር» ይላል፣ ሌላው «እገሌ ተወሰደ» ይላል፣ እና ሰው ሁሉ የማያውቀውን ሰው በጎን ነው የሚያይ። እኔ ማየት አልችልም፣ መፍራት ግን እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ሽታ ሲመጣ ሰላምታዬንም ተውኩት። ስልኬን ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ዝም እላለሁ፣ እሱም ዝም ብሎ ያልፋል።

እና ያን ዕለት ጉደር ቀብር ነበር። የሰፈራችን ሰው የወለደበት፣ የተጋባበት ቤት ስለሆነ ሁሉም አይሱዙ ተሳፍሮ ሄደ። እኔን ጉልበቴ ያዘኝ፣ ቀረሁ። አበበች ስትወጣ «ከውስጥ ቀርቅሪው! ለማንም እንዳትከፍቺ!» አለችኝ። ቀረቀርኩት። ብረቱ ገባ ማለቱን በእጄ ደጋግሜ አየሁት።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ መጣ። የአምቦን ክረምት አሁን እናንተም ቀምሳችሁታል፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን የሰው ኮቴ የራሳችሁንም ሳል አትሰሙም። እናንተ ዓይን ያላችሁ ዝናብ ሲመጣ ጆሯችሁ ብቻ ነው የሚዘጋው። እኔ ግን እንደገና ነው የምታወረው። ሰፈሩ የለም፣ መንገዱ የለም፣ ውሻው የለም፤ እኔና አንድ ወንበር ብቻ ቀረን። ኢርፎኔን ሰክቼ መዝሙር ከፈትኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከቤቴ ኋላ ወደ ሁሉቃ ወንዝ የሚወርድ ቦይ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ በጋ ላይ ዶሮ የሚሻገረው። ያ ቦይ ትዝ አላለኝም። ፈጽሞ ትዝ አላለኝም።

እና ነፋስ ፊቴን መታኝ።

ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ከነጠብጣቡ። ነፋስ ከየት ይመጣል? በሩ ዝግ ነው። በሩ ካልተከፈተ ነፋስ ከየት ይመጣል? መዝሙሩን አጠፋሁት።

«ማነው?» አልኩ።

ዝም።

«ኤኙ? አበበች? መጣችሁ እንዴ?»

ዝም። ዝናቡ ብቻ። ስልኩን አነሳሁ፣ ያንን የሚያየውን ከፈትኩና ወደ ነፋሱ አዞርኩት። ጆሮዬ ውስጥ ያቺ የእንግሊዝኛ ሴትዮ፣ ምንም ሳይመስላት፣ ቀስ ብላ «ዶር» አለች። እሺ፣ በር ነው። ከዚያ «ፐርሰን» አለች።

ሰው አለ።

ፎቶው ነው አልኩ። የባለቤቴ ፎቶ ነው፣ ባለፈውም እሱን ነው ሰው ያለችው፣ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ግን አሰብኩት፣ ፎቶው ያለው መኝታ ቤት ነው። እኔ ያለሁት ሳሎን ነው። በበሩ በኩል ፎቶ የለም። እና ሽታው መጣ፣ ኮላና ሰጋቱራ፣ እርጥብ እርጥብ የሚል። ልጆቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ፀጉሬ አንድ በአንድ ቆመ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። «ምን ትፈልጋለህ? እኔ አሮጊት ነኝ!»

ዝም።

ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ጠረጴዛው ወገቤን መታኝ። ስልኩን ወደ ግራ ሳዞረው «ቼር» ትላለች፣ ወደፊት ሳዞረው «ፐርሰን» ትላለች። ቀረበ? አልቀረበም? እሱን አትነግረኝም። «ስልኩን ነው? ስልኩን ውሰድና ሂድ!» ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ስልኩን ከሰጠሁት የት እንደቆመ በምን አውቃለሁ? አያችሁ ጉዱን? የሚፈልገው ስልኩን ነው፣ እሱን የማይበትም ስልኩ ነው። ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

እና ሴትዮዋ ደግሞ ያልሰማሁትን እንግሊዝኛ ጀመረች። «ባይሻን ዱፍ። ባይ» አለችኝ።

ምን? «ባይ» ቻው ማለት አይደለም? ማነው ቻው የሚለኝ? እሱ ነው? ሊገድለኝ ነው? ያን ጊዜ ያሰብኩት ይሄን ነው፣ እግዜር ያውቃል፣ ይህ ሰው ሊገድለኝ መጥቶ መጀመሪያ ቻው እያለኝ ነው አልኩ። እሷ ደግሞ ደገመችው፣ «ባይሻን ዱፍ። ባይ። ፐርሰን። ባይሻን ዱፍ። ባይ።» በዚህ መሃል ክንዴን ያዘኝ።

እርጥብ እጅ። ትልቅ፣ ሻካራ እጅ። ጠረጴዛው ላይ ባስደገፍኩት፣ መንገድ በምዳብስበት ነጭ በትሬ ያለኝን ኃይል ሁሉ አውጥቼ መታሁት። የት እንዳገኘሁት አላውቅም፣ አጥንት እንዳገኘሁ ግን አውቄያለሁ። እና ድምፅ አወጣ። ቃል አይደለም፣ «እእእህ!» የሚል፣ ከሆድ የሚወጣ፣ የሰው ይሁን የእንስሳ ያለየሁት ድምፅ። ከዚያ ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ድምፅ ነው። ደግሜ ልመታው በትሩን ሳነሳ፣ እግሬ ቀዘቀዘ።

ነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ። ውሃ ጣቶቼ መሃል ገባ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ፣ በአንድ ትንፋሽ። ቤቴ ውስጥ! ወንበሩ ተነስቶ እግሬን መታኝ። ያን ጊዜ ነው እንግሊዝኛ መስሎኝ የነበረው ነገር ጆሮዬ ውስጥ የዞረው። ባይሻን። ባይሻን... ቢሻን! ቢሻን ዹፌ! በኢ! የገዛ ቋንቋዬ ነው እኮ፣ የእናቴ ቋንቋ፣ ፈረንጇ አበላሽታ እያነበበችልኝ ነው! «ውሃ መጣ፣ ውጪ» ነው የሚለኝ። ሰውዬው በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ጽፎ ይዞልኛል፣ እኔ በበትር እመታዋለሁ።

«ቢሻን?» አልኩት። እጁን እኔ ያዝኩት። «ቢሻን ዹፌ?»

አልመለሰልኝም። ጀርባውን ሰጠኝና ሁለት እጄን ጎትቶ አንገቱ ላይ ጠመጠመው፣ ብድግ አደረገኝ። ስልኩ ከእጄ ወጣ፣ ቷ ሲል አልሰማሁትም፣ ውሃው ዋጠው። ኢርፎኑ ብቻ እንደ ሐብል አንገቴ ላይ ቀረ። እና ያን ጊዜ ጨለመ። ሌላ ጊዜም አላይም፣ ያን ጊዜ ግን ጨለመ።

ደጅ ስንወጣ ውሃው ይጮሃል። ለካ ላይ ተራራው ላይ ከእኛ ቀድሞ ሲዘንብ ነው የዋለው፣ ቦዩን እንጨትና ቆሻሻ ዘግቶት ውሃው በየግቢው ተዘርግቷል። እኔ በጀርባው ሆኜ እግሬ ይነካዋል፣ እሱን እስከ ወገቡ ነው። አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ በእግሩ ይፈልጋል፣ ይሄዳል። የእሱን አከራዮች የብሎኬት አጥር ተጠግተን ነው የምንሄደው፣ ያንን ይዘን ወደ አስፋልቱ ለመውጣት። እና ከዝናቡ ሥር፣ ከውሃው ሥር፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቅርርር... ድንጋይ ድንጋይ ላይ ሲፈጭ። አጥሩ ነው። ከፊታችን ያለው አጥር እየሄደ ነው።

«ቁም!» አልኩት ጆሮው ላይ። ሄደ። «ቁም! አጥሩ! አጥሩ!» አልኩት፣ አፌ ጆሮው ውስጥ ገብቷል እኮ፣ እንዲህ! ይሄዳል። ያን ጊዜ ያ «እእእህ» ያለው ድምፅ መጣልኝ። ጌዶ እያለሁ አንዲት እናት አዘውትራ የምታመጣው ልጅ ነበራት፣ መርፌ ስወጋው እንደዚያ ነበር የሚለው፣ እንደዚያው። ያ ልጅ አይሰማም ነበር።

ይህ ሰውዬ አይሰማም! በረንዳዬ ላይ የቆመው፣ የሰውን አፍ የሚያየው፣ ሰላምታ የማይመልሰው፣ አይሰማም!

ታዲያ ለማይሰማ ሰው እንዴት አድርጌ ቁም ልበለው? ፊቱን አላየው፣ እሱ አይሰማኝ። ሁለት ጆሮውን በሁለት እጄ ያዝኩና ወደ ኋላ ሳብኩት፣ እንደ ፈረስ ልጓም። ተናደደ፣ ያበድኩ መስሎታል፣ ትከሻውን ነቀነቀ ሊያላቅቀኝ። አልለቅም! ሳብኩት፣ ሚዛኑ ተበላሸ፣ ተያይዘን ወደ ኋላ ወደቅን፣ ውሃው በአፌ ገባ፣ ጭቃ ዋጥኩ፣ ሞትኩ አልኩ። እና አጥሩ ወረደ። ከፊታችን፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ። ሲወድቅ ውሃው እንደ ግድግዳ ተነስቶ መጣብን። እሱ ያየው ያን ጊዜ ነው። ልብሴን አፈፍ አድርጎ አወጣኝ፣ አቆመኝ፣ እና ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። እጄን ወስዶ ደረቱ ላይ አደረገው። ልቡ! ልጆቼ፣ ልቡ እንደ መዶሻው ነው የሚመታው። እኔም እጁን ወስጄ የእኔ ላይ አደረግሁት። ሌላ ምን እንባባላለን?

አልቋል ብላችሁ ይሆናል። አላለቀም። እኔን ውሃው አይደለም እስካሁን የሚያባንነኝ።

አጥሩ በወደቀበት ተሻግረን አስፋልቱ ጋ ደረስን፣ እኔን መልሶ አዝሎኛል፣ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል። ዝናቡ ቀለል ብሎ ነበር። የአይሱዙ ድምፅ ሰማሁ፣ ቆመ፣ ሰው እየተንጋጋ ሲወርድ ሰማሁ፣ ከቀብር ተመልሰዋል። ደስ አለኝ፣ ተረፍን አልኩ። እና የአበበች ድምፅ፣ ያቺ በሹክሹክታ የምታወራው፣ ሰፈሩን ሰነጠቀችው።

«ኡኡኡ! አዴ ሌንሴን! አዴ ሌንሴን ገድሏት ሊጥላት ነው!»

«ማነው? ማነው?»

«ያ አናጢው! ደሙን እዩት!»

ደሙ የእሱ ነው፣ እኔ በበትር የከፈትኩት። እነሱ በምን ያውቃሉ?

«ቁም! አንተ! ቁም ተባልክ!»

ጀርባውን ነው የሰጣቸው። ይሄዳል። እንዴት ይቆማል?

«እየሸሸ ነው! ያዘው! ቀቢ! ቀቢ!»

ከተማው ያን ጊዜ እንዴት እንደነበረ ነግሬያችኋለሁ። የፈራ ሰው ብዙ ሲሆን እግሩ ይለያል፣ ድምፁ እንደ አንድ እግር ይሆናል። ያ እግር መጣብን። «አይደለም!» እላለሁ፣ ድምፄ የለም፤ ጭቃ የዋጥኩ ሰው ነኝ፣ «ህ-ህ» ነው የሚወጣኝ። እሱ ድምፅ አይሰማ፣ እኔ ድምፅ የለኝ። የመጀመሪያው ድንጋይ እሱን አገኘው፣ እግሩን ይሁን ወገቡን፣ በአጥንቱ በኩል እኔ ድረስ ተሰማኝ። ተንበረከከ። ግን እኔን አልለቀቀኝም፣ እንዳልወድቅ በሁለት እጁ ደግፎ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠኝ። ድንጋይ እየወረደበት እኔን ቀስ አድርጎ አስቀመጠኝ!

ዳበስኩ፣ ጭንቅላቱን አገኘሁ፣ ላዩ ላይ ተኛሁበት። አንድ ሰው ከራሴ በላይ ቆሟል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ተነሺ ከላዩ!» አለኝ። «ተነሺ እማማ! ዛሬ እናሳየዋለን!»

ድንጋይ ይዟል። በምን አወቅሽ በሉኝ፣ ከባድ ነገር በሁለት እጁ ያነሳ ሰው ሲናገር ድምፁ ይታነቃል። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጩኸት ወጣኝ። «አይሰማም! አይሰማም! ሂን ዸገኡ! ጆሮው አይሰማም! እሱ ነው ያወጣኝ! ቤቴ በውሃ ሄዷል፣ እሱ ነው ያወጣኝ!»

ፀጥ አለ። ፀጥታ እኮ አታውቁም እናንተ። ስንቱ ሰው ቆሞ፣ ዝናቡ ብቻ። ያ ሰውዬ ከራሴ በላይ እንደቆመ ነው። ይጥለው ይሆን? አይጥለው ይሆን? አላይም። እጠብቃለሁ። ከሥሬ የአናጢው ትንፋሽ ይመጣል ይሄዳል። እና ከጎኔ ጭቃው ላይ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ጣለው፣ ጎን ላይ ጣለው። ከዚያ አበበች እየጮኸች መጥታ ወደቀችብን፣ ታለቅሳለች፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያስጮኽኩት፣ አፌን ይቁረጠው» ትላለች፣ ነጠላዋን ቀዳ የልጁን ግንባር ታስራለች።

ገመቹ ነው ስሙ። ጌዶ አካባቢ ተወልዶ፣ መስማት የማይችሉ ልጆች በሚማሩበት ክፍል ቁቤ የተማረ ልጅ ነው። ሲፈን መንገድ እንደተከፈተ መጣች፣ ሌላ ስልክ ይዛ፣ በዚህኛው ላይ እኔ ስናገር ለእሱ ይጻፍለታል፣ እሱ ሲጽፍ ለእኔ ይነበብልኛል። ጽሑፉ ይሳሳታል፣ «ልጄ» ስል «እንጀራ» ብሎ ጽፎለት ምሳ አምጥቶልኛል፣ እውነቴን ነው! እና መጀመሪያ የጠየቅሁት ምንድነው፣ «ስልኬ ጽሑፍ እንደሚያነብ በምን አወቅህ?» ነው። ጻፈ፣ ተነበበልኝ። ጠዋት ጠዋት የኪኒን ካርቶን ስልኩ ፊት ስትይዢ አይ ነበር አለኝ። ያን ቀን በሩን አንኳኩቶ አንኳኩቶ፣ ስጮህ ትሰማኝ ይሆናል ብሎ ጮሆ፣ በመጨረሻ በመሮ ቅርቃሩን ነቅሎ፣ ሳንቃ ላይ በእርሳስ ጽፎ ገባ። «አንቱታውን እንኳ ለመጻፍ ጊዜ አጣህ? በኢ ትለኛለህ?» ብዬ ቆጣ ስለው የሳቀው ሳቅ! ከዚያ ደግሞ ጻፈ። «እኔም አንቺን እፈራ ነበር» አለኝ። እኔን? «ጠዋት ባለፍኩ ቁጥር ስልክ ታዞሪብኛለሽ። ፎቶ እያነሳሽ ለሰው የምትሰጪ መስሎኝ ነበር።» ጉድ አይደል? እኔ ሌባ ነው እላለሁ፣ እሱ ሰላይ ናት ይላል።

አሁን ይኸው ውሃው ያፈረሰው የኋላ ክፍል እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ በሩን እሱ ነው የሠራልኝ። ዝናብ ሲመጣ አሁንም እፈራለሁ፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

(እዚህ ላይ ከአዳማጮቹ አንዷ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው፣ «አዴ፣ ያ ድንጋይ ያነሳው ሰውዬስ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።)

እሱን? ድምፁን መቼም አልረሳውም። በየቀኑ በዚህ በር ያልፋል። ዛሬ ጠዋትም አለፈ፣ «አካም ቡልተን፣ አዴ?» አለኝ፣ «ደኅና፣ እግዜር ይመስገን» ብዬ መለስኩለት። እንዳወቅሁት አያውቅም። ወይም ያውቃል፣ እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ለስለስ ብሏል።

(«የእኛ ሰፈር ሰው ነው? ንገሪና አዴ! ማን ነው?»)

አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እናንተም ትፈሩታላችሁ። በዚህ ሰፈር ሰው የሚፈራው ሰው በቅቶናል።

(ሌሎቹ ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። በሩን ዞር ብላ አየችው።)